ታወሩ መቼ ይናገር፣ መቼስ ዝም ይበል?

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በማታው ትምህርት አንዲት ተማሪያችን ያነሳችው ጥያቄ ነው። እንዲህ አለች፦ «ስልኬን ትምህርት ቤት ይዤው ስውል ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል። ቤት ትቼው ስወጣ ግን ማንም ሳይደውልልኝ፣ እኔም ሳልደውል፣ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ዝም ብሎ የተቀመጠን ስልክ ባትሪውን ማን በላው?»

ክፍሉ ውስጥ ብዙ መልስ ተሰነዘረ። አንዱ «ባትሪው ፎርጅድ ነው» አለ። ሌላው «ልጆች ጌም ይጫወቱበታል» አለ። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ስልክ፣ ያው ባትሪ በአንዱ ቦታ ቆይቶ በሌላው ቦታ የሚያልቅ ከሆነ ምክንያቱን ከስልኩ ውጭም መፈለግ ያስፈልጋል። ለእኛ ለካምፕ ነዋሪዎች ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። ባትሪ ማስሞላት ገንዘብ ነው። ስልክ ተዘግቶ ያመለጠ ጥሪ ግን በገንዘብም አይመለስም። ስለዚህ በዚህ እትማችን ስልክና ታወር ማንም ሳይደውል ምን እንደሚነጋገሩ፣ በተለይም ታወሩ ምልክቱን በየስንት ጊዜው እንደሚልክና ይህ ጊዜ ለምን እንደሚለዋወጥ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ማንም ሳይደውል የሚነገር ነገር

ታወር ወይም አንቴና የምንለው ረጅሙ ብረት ሥራው ድምፃችንንና መልእክታችንን ማስተላለፍ ብቻ ይመስለናል። እውነቱ ግን ማንም ሰው ባይደውልም ታወሩ ይናገራል። በተወሰነ የጊዜ ልዩነት አንድ ዓይነት ምልክት እየደጋገመ በአየር ላይ ይለቃል። ይህ ምልክት የማንንም ወሬ አይዝም። ቅርጹ አስቀድሞ በደንብ የተወሰነ ስለሆነ ታወሩም ስልኩም ያውቁታል። እኛ እዚህ «የማመሳከሪያ ምልክት» እንለዋለን።

«ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ደጋግሞ መላክ ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ እዚያው ላይ ነው። ገበያ ውስጥ አንድ ሚዛን ስንጠራጠር ምን እናደርጋለን? ክብደቱን አስቀድመን የምናውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ ያልተከፈተ የ1 ኪሎ ስኳር፣ እናስቀምጥበታለን። ሚዛኑ 900 ግራም ካለ ስሕተቱ የስኳሩ አይደለም፣ የሚዛኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመዘነው ሽንኩርትም ሒሳቡን እናስተካክላለን። ስልኩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚያውቀው ምልክት ደክሞ፣ ተጣሞ ወይም ዘግይቶ ሲደርሰው ርቀቱ፣ ዛፉና የቤቱ ቆርቆሮ ምን ያህል እንደለወጡት ያሰላል። ከዚያም በዚያው መንገድ የሚመጣውን የማያውቀውን ነገር፣ ማለትም የሰውን ድምፅ ወይም መልእክት፣ አስተካክሎ ያነበዋል።

የማመሳከሪያ ምልክት ዋና ዋና ሥራዎች ሦስት ናቸው።

1ኛ፦ ታወሩን ማግኘት። አሁን የተከፈተ ስልክ አካባቢው ውስጥ የትኛው ታወር እንዳለ አያውቅም። በጆሮው ይፈልጋል። ምልክቱን ሲሰማ «እዚህ ታወር አለ» ይላል።

2ኛ፦ ሰዓት ማስተካከል። ስልክና ታወር በሰከንድ ሺህኛ ክፍል እየተቀጣጠሩ ነው የሚነጋገሩት። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰዓት ቀስ እያለ ይዛነፋል። ምልክቱን በሰማ ቁጥር ሰዓቱን ያስተካክላል።

3ኛ፦ መለካት። ስልኩ ያለበትን ታወር ከጎረቤት ታወር ጋር ያወዳድራል፤ የተሻለውን ይመርጣል። ስክሪኑ ላይ የምናያቸው የኔትወርክ መስመሮችም ከዚህ ልኬት የሚመጡ ናቸው።

በእርግጥ ለነዚህ ሥራዎች የተለያዩ ምልክቶች አሉ። እዚህ ግን እንዳይወሳሰብብን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተናቸዋል።

ሁልጊዜ መናገር ምን ችግር አለው?

ታዲያ ታወሩ ሳያቋርጥ ቢናገር አይሻልም ወይ? ለስልኩ ይሻላል። በፈለገው ሰዓት ጆሮውን ቢከፍት ያገኘዋል። ነገር ግን ሦስት ዕዳዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ቦታ ታወር የሚሠራው በናፍጣ ጄኔሬተር፣ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለም ታወሩ የሚናገር ከሆነ ነዳጁ ይነዳል፣ ባትሪውም ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አጭር ዝምታ ብዙ አይጠቅምም። ጄኔሬተር ያለው የቻርጅ ቤት ባለቤት ለ2 ደቂቃ ብሎ ሞተሩን አያጠፋም። ለ2 ሰዓት ሥራ እንደሌለ ካወቀ ግን ያጠፋዋል። የታወሩ ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። ለመተኛትም ለመንቃትም ጊዜ ይፈልጋሉ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ብዙ ክፍሎችን ማስተኛት ይቻላል።

ሁለተኛው መረበሽ ነው። የአንዱ ታወር ምልክት ለሌላው ታወር ደንበኛ ጫጫታ ነው። ሁለት ክፍሎችን የሚለየው አንድ ሸራ ብቻ ሲሆን ወዲያኛው መምህር ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኖ እንኳ እየጮኸ ቢያነብ የወዲህኞቹ ተማሪዎች ይቸገራሉ። ደንበኛ የሌለው ታወርም እንዲሁ ጎረቤቱን ይረብሻል።

ሦስተኛው ቦታ መያዝ ነው። ምልክቱ የሚላክበት ጊዜ ለሰው መልእክት አይውልም።

በሌላ በኩል ዝምታው ሲበዛ ዕዳው ወደ ስልኩ ይዞራል። አዲስ የተከፈተ ስልክ ታወሩን ለማግኘት ብዙ ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ነቅቶ ስለሆነ ባትሪው ያልቃል። ሰዓቱ ይዛነፋል። በጉዞ ላይ ያለ ስልክ ደግሞ የሚቀጥለውን ታወር ሳያገኝ የመጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ወሬው መሐል ላይ ይቆረጣል። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ «በየስንት ጊዜው ይናገር? ለማንስ?» የሚለው ነው።

ከ2ጂ እስከ 5ጂ

የ2ጂ ወይም የጂ.ኤስ.ኤም. ኔትወርክ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሴል አንድ ዋና ፍሪኩዌንሲ አለው። ሴል የምንለው አንድ ታወር የሚሸፍነው ክልል ወይም የክልሉ አንድ ክፍል ነው። ዋናው ፍሪኩዌንሲ በ8 የጊዜ ክፍሎች ተከፋፍሎ በስምንቱም ላይ ሳያቋርጥ ይናገራል። የሚተላለፍ ወሬ ከሌለም ታወሩ ትርጉም የሌለው መሙያ ይልካል። ለምን ቢባል፣ ስልኮች በፈለጉት ጊዜ እንዲለኩት ነው። አሠራሩ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አያውቅም።

4ጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ ነው። የ4ጂን አሠራር ለመረዳት አንድ መለኪያ እንያዝ፦ 1 ሚሊ ሰከንድ ማለት የ1 ሰከንድ 1 ሺህኛ ክፍል ነው። በተለምዶ የ4ጂ ሴል በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የማመሳከሪያ ምልክት ይልካል። በ1 አንቴና ብቻ ቢሠራ እንኳ በ1 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 4 ጊዜ ነው። ይህም በ1 ሰከንድ 4 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። አንድም ደንበኛ ባይኖር ያው ነው።

የሞባይል ኔትወርክ ደንቦችን የሚያወጣው ስሪ.ጂ.ፒ.ፒ. የሚባል የብዙ አገሮች የደረጃ ድርጅቶች ጥምረት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ደንቦቹን በየእትሙ እያሻሻለ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጠናቀቀው 12ኛው እትም ትናንሽ የ4ጂ ሴሎች ሥራ ሲያጡ ዝም እንዲሉና በየ40፣ በየ80 ወይም በየ160 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ «አለሁ» እያሉ እንዲቆዩ መንገድ ተከፈተ። የዝምታ ነገር በደንብ የገባው በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

5ጂ ከመነሻው በዚህ ሐሳብ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጠናቀቀው 15ኛው እትም መሠረት ስልኮች ሴሉን የሚያገኙበትና ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ምልክት በየ5፣ በየ10፣ በየ20፣ በየ40፣ በየ80 ወይም በየ160 ሚሊ ሰከንዱ ሊላክ ይችላል። ከስድስቱ አንዱን የሚመርጠው ኔትወርኩ ነው። እንደ 4ጂ በእያንዳንዱ ሚሊ ሰከንድ ለሁሉም የሚላከው ምልክት ቀርቷል። ለጥልቅ ልኬት የሚያገለግሉት ምልክቶች ደግሞ ለሚያስፈልጋቸው ስልኮች ብቻ ይላካሉ። በቋሚ ጊዜ ልዩነት ሊላኩ ይችላሉ፤ ሲፈለግ ተጀምረው ሲበቃ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ወይም «አሁን ለካ» ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ሊላኩ ይችላሉ። ስልኩም በተራው ታወሩ እንዲለካው ምልክት የሚልክበት አጋጣሚ አለ፤ እሱም በቋሚ ጊዜ ወይም በትእዛዝ ነው።

የቀጠሮው ነገር

ይህን አሠራር ብዙዎቻችን በኑሯችን እናውቀዋለን። አንዲት እኅት ዋሽንግተን የሚኖር ወንድም አላት እንበል። በየእሑዱ ይደውልላታል። ስልኳን ሙሉ ቀን ከፍታ ብትጠብቀው ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ ተቀጣጠሩ፦ በእሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም ፈረንጅ 10 ሰዓት በሚለው ላይ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ። እሷ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኳን ትከፍታለች፤ ያወራሉ፤ መልሳ ትዘጋለች። ሰባቱን ቀን ሙሉ ስልኩ ዝም ቢልም ምንም አልጎደለባቸውም። ዝምታው ያልጎዳቸው ሁለቱም ሰዓቱን ስለሚያውቁት ነው።

ከዚያ ማርች ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ወንድም እንደ ልማዱ በእሱ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። እዚህ ግን ገና 11 ሰዓት ነው። የእኅት ስልክ ዝግ ነው። እሷ 12 ሰዓት ላይ ከፍታ ብትጠብቅ ጥሪ የለም። እሱ «ምን ሆነች?» ብሎ ሲጨነቅ ያድራል፤ እሷም «ረሳኝ» ብላ ታዝናለች። ስልኩም ኔትወርኩም ጥፋት አልነበረባቸውም። ቀጠሮው ተቀይሮ አንደኛው ወገን አልተነገረውም።

የምልክትን ጊዜ እንደልብ መለዋወጥም የሚቻለው ይህ ችግር ከተፈታ ብቻ ነው። ደንቡ እንዲህ ይፈታዋል።

አንደኛ፣ ምንም ያልተነገረው አዲስ መጤ አለ። አሁን የተከፈተ ስልክ ከማንም ጋር ቀጠሮ የለውም። ለእሱ ሲባል በ5ጂ አንድ የጋራ ግምት ተቀምጧል፦ ስልኩ ሴል ሲፈልግ ምልክቱ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይመጣል ብሎ ይነሳል። ስለዚህ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ 20 ሚሊ ሰከንድ አዳምጦ ምንም ካልሰማ ወደሚቀጥለው ያልፋል። 100 ፍሪኩዌንሲ መፈተሽ ቢኖርበት 2 ሰከንድ ይበቃዋል። ግምቱ 160 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ 16 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ በየ160 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ የሚናገር ሴል ለአዲስ መጤ በቀላሉ እንደማይገኝ ነው። እንዲህ ያለ ሴል የሚያገለግለው አጠገቡ ሌላ ሴል ኖሮ ስልኮችን ወደ እሱ ሲመራለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘ ስልክ ሰዓቱ ይነገረዋል። ኔትወርኩ «የጎረቤቱን ሴል ምልክት በየዚህን ያህል ጊዜው፣ ለዚህን ያህል ቆይታ አዳምጥ» ይለዋል። ይህ የማዳመጫ መስኮት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ከመስኮቱ ውጭ ስልኩ ለልኬት ብሎ ነቅቶ መጠበቅ አይኖርበትም።

ሦስተኛ፣ ስልኩም የራሱ እንቅልፍ አለው። ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ሲቀመጥ በየቅጽበቱ «ተደወለልኝ ወይ?» እያለ አይጠይቅም። በ4ጂ ኔትወርኩ ከሚመርጣቸው የጥሪ መጠበቂያ ጊዜዎች ውስጥ 320፣ 640፣ 1280 እና 2560 ሚሊ ሰከንድ ይገኛሉ። ስልኩ በተባለው ጊዜ ብድግ ይላል፣ ጥሪ እንዳለ ያያል፣ መልሶ ይተኛል። ነገር ግን ከመስማቱ በፊት ሰዓቱን ማስተካከል ስላለበት ቀደም ብሎ ነቅቶ የማመሳከሪያ ምልክቱን ይጠብቃል። ታወሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚናገር ከሆነ ይህ መጠበቅ ይረዝማል። ለዚህም መፍትሔ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 17ኛው እትም ለሌሎች ስልኮች የሚላኩትን ተጨማሪ ምልክቶች የተኙ ስልኮችም ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉባቸው ፈቅዷል።

የቆመና የሚጓዝ

የምልክቱ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን እንደማይችል በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ2 ጊጋ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሞገድ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ምልክቱ ከቆርቆሮና ከድንጋይ እየተንፀባረቀ በብዙ አቅጣጫ ስለሚደርስ፣ ስልኩ የሞገዱን ግማሽ፣ ማለትም 7.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ነገር በጣም ሊለወጥ ይችላል። አንድ ጥግ ላይ ቆመን «አይሰማም፣ አይሰማም» ስንል ቆይተን አንድ እርምጃ ስንራመድ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ 7.5 ሳንቲ ሜትሩን የሚጨርሰው በ54 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ከካኩማ ወደ ሎድዋር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ግን በሰከንድ 20 ሜትር ስለሚሄድ በ3.75 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋል። እንግዲህ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ የመጣ ልኬት ለእግረኛው ገና ትኩስ ነው። ለአውቶቡሱ ተሳፋሪ ግን ያለፈበት ዜና ነው። ለዚህ ሲባል በ5ጂ ፈጣን ተጓዥ መልእክት ሲቀበል ከመልእክቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሄደው ማመሳከሪያ እንዲበዛ ይደረጋል፤ ለቆመው ይቀነሳል። ለአንዱ ተጓዥ ሲባል ታወሩ ለሁሉም ሌሊቱን ሙሉ መጮህ የለበትም።

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ

ባትሪውን ማን በላው? የተማሪያችን ቤት ካምፑ ጠርዝ ላይ ነው፤ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ስልኩ የሚቀመጠው ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ነው። እዚያ ቦታ ኔትወርኩ አንዴ አንድ መስመር ይሆናል፣ አንዴ ይጠፋል።

ስልክ ጥሩ ምልክት ሲሰማ ጎረቤት ታወር ለመፈለግ አይቸኩልም። «ያለሁበት ይበቃኛል» ብሎ ይተኛል። ምልክቱ ሲደክም ግን ጎረቤቶችን ደጋግሞ ይለካል። ጨርሶ ሲጠፋበት ፍሪኩዌንሲዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ትንሽ ያርፋል፤ እንደገና ይፈትሻል። ታወር ሲያገኝም «እዚህ ነኝ» ለማለት ከሩቅ ስለሚናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ማንም ሳይደውል የሚሠራ ሥራ ነው። ተማሪዋ ስልኳን ከመሬት አንስታ በመስኮቱ አጠገብ ከፍ አድርጋ እንድትሰቅለው መከርናት። በሳምንቱ መጥታ «አሁን እስከ ማታ ይቆያል» አለችን። ባትሪው አልተቀየረም፤ ፍለጋው ነው የቀነሰው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ብታደርጉ ይጠቅማችኋል፦

ስልኩን ከቆርቆሮ ግድግዳ ሥርና ከብረት ሣጥን ውስጥ አውጡት። መስኮት ወይም በር አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል።

4ጂ እየመጣ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነና የምትጠብቁት የድምፅ ጥሪ ብቻ ከሆነ፣ በአካባቢው 2ጂ ወይም 3ጂ በደንብ የሚሠራ መሆኑን አይታችሁ ስልኩን ወደዚያ አድርጉት። በሁለቱ መካከል መመላለሱ ይቀራል።

ኔትወርክ ፈጽሞ በሌለበት ቦታ ስታድሩ ወይም ስትጓዙ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት። ሆኖም ጥሪ እንደማይገባ አትርሱ። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ሰዓት ተቀጣጠሩ፤ ሰዓቱን ስትናገሩም የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ፣ የእዚህ ይሁን የእዚያ፣ ለይታችሁ ተናገሩ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ወይም የደረሰች ነፍሰ ጡር ካለች ግን ስልኩን አትዝጉ፤ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አስቀምጡት።

«ታዲያ 5ጂ ቀፎ ብንገዛስ?» የሚል ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። ቀፎው ታወሩን አይቀይረውም። በአካባቢው 5ጂ ታወር ከሌለ አዲሱ ቀፎም የሚሰማው የ4ጂውን ወይም የ2ጂውን ንግግር ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ባለ ቁልፍ የ2ጂ ቀፎ የሚያውቀው የድሮውን ሳያቋርጥ የሚናገር ታወር ብቻ ነው። አዲሱን ቀጠሮ ማንም ሊያስረዳው አይችልም። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የ2ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ እንዲህ ያሉ ቀፎዎች በእሱ መስመር ላይ አገልግሎታቸው አበቃ። ኃይል መቆጠብ ጥሩ ነው፤ የድሮውን መዝጋትም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ነገር ግን ባለ ቁልፍ ቀፎ ብቻ ያላቸው እናቶችና አባቶች ባሉበት ቦታ ሰዓቱ ከመቀየሩ በፊት ሁሉም የሚሰማበት ነገር በእጁ መግባት አለበት። ዝምታ የሚጠቅመው ቀጠሮውን ለሚያውቅ ነው። ያልተነገረው ሰው ዝም ያለውን ታወር ከሞተ ታወር አይለየውም።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት ያለ ስልክና ያለ ኮምፒውተር በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ሰዓትና የሚመታ ነገር፣ ለምሳሌ ደወል ወይም የብረት ሳሕን፣ ብቻ ነው።

አንድ ተማሪ በየ4 ሰከንዱ ሳሕኑን ይምታ። ሌሎች ተማሪዎች ተራ በተራ ከውጭ ይግቡ፤ ከገቡበት ቅጽበት ጀምሮ ደወሉን እስኪሰሙ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዝገብ። ከዚያ በየ20 ሰከንዱ እየመታ ይደገም። ሁለቱን አማካይ አወዳድሩ። ብዙ ተማሪ ከገባ አማካዩ ወደ ልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም ወደ 2 እና ወደ 10 ሰከንድ መጠጋት አለበት።

ቀጥሎ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ለአንደኛው ቡድን «ደወሉ ልክ በ30 ሰከንዱና በደቂቃው ሙሉ ላይ ይመታል» ብላችሁ ሰዓት ስጡት። ለሌላው አትንገሩት። ሁለቱም ቡድን ደወል ሲመታ እጁን ማንሣት አለበት፤ በመካከሉ ደግሞ የሒሳብ ጥያቄ ይሥራ። ሰዓቱን የሚያውቀው ቡድን ተረጋግቶ ይሠራል። የማያውቀው ቡድን ጆሮው ደወሉ ላይ ስለሆነ ሥራው ይጎተትበታል። ልዩነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ።

ለደብተር ሥራ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ. ምልክቱ በየ5፣ በየ20 እና በየ160 ሚሊ ሰከንዱ ቢላክ በ1 ሰከንድ ስንት ጊዜ ይላካል?

ለ. አንዱ ምልክት 0.3 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሦስቱም ሁኔታዎች ታወሩ ከጊዜው ስንት በመቶውን ይናገራል?

ሐ. በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጭነት መኪና 7.5 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ ስንት ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል?

መልስ፦ ሀ. 200፣ 50 እና 6.25 ጊዜ። ለ. 6 በመቶ፣ 1.5 በመቶ እና 0.19 በመቶ ገደማ። ሐ. መኪናው በሰከንድ 25 ሜትር ስለሚሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ።

ተማሪዎቹ መልሱን ካገኙ በኋላ አንድ የመወያያ ጥያቄ ስጧቸው፦ «የካምፓችንን ታወር ጊዜ የምትወስኑት እናንተ ብትሆኑ ቀን በየስንት፣ ሌሊትስ በየስንት ሚሊ ሰከንዱ እንዲናገር ታደርጉ ነበር? በውሳኔያችሁ የሚጎዳው ማን ነው?» ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ብዙ ክርክር የሚያስነሣው እሱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ የማታው ክፍል ተማሪያችን ስለ አንድ ባትሪ ጠይቃ ይህን ሁሉ አስተማረችን። እናንተም በየቀኑ የምታዩትና ያልገባችሁ ነገር ካለ በጽሑፍም በቃልም አድርሱን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ቆዩ፤ ስልካችሁንም ከመሬት አንሡት።